መኪናው ተሰርቆ ሰው ቢገጭ ማን ይከፍላል?

ሳንጃ የሚኖረው የእህቴ ባል ሰሞኑን ደውሎ "የሕግ ጥያቄ አለኝ" አለ። (ቤተሰቡ ውስጥ አንድ ሕግ የተማረ ሰው ካለ የጠበቃ ክፍያ የሚባል ነገር የለም።) ዕድሜዋ ከልጆቹ የሚበልጥ ናፍጣ ሃይሉክስ አለችው። ሰሊጥ ጭኖ ጎንደር ሲወጣ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ኢሞቢላይዘር ላስገባልህ ብሎታል። "ለዚህች አሮጌ ይህን ሁሉ ብር ላውጣ?" ነው ጥያቄው። ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ሕግ ብዬ ነበር፤ እያደር ሳስበው ግን ሕግ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ "አሮጌ" የሚለውን እናጥራ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ውጤቱ ምን ሆነ? ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና የቤተሰብ ጥሪት ሆኖ ቁጭ አለ። አውሮፓ ውስጥ አዳዲስ የቤት መኪኖች ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እኛ ዘንድ ከሚሽከረከሩት ኮሮላዎችና ሃይሉክሶች ከዚያ በፊት የተሠሩት ጥቂት አይደሉም፤ ቁልፍ ቀራጭ ያወጣው ብረት ያስነሳቸዋል። ዋጋቸው የቤት፣ ቁልፋቸው የሳጥን።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት ባለመኪናው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ። ማምለጫዋ ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ አለች፦ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ባለቤቱ ካስረዳ። "ካስረዳ" የምትለዋ ላይ ቆም በሉልኝ። ሸክሙ የባለቤቱ ነው። ሌባ በሌሊት አውጥቶት እግረኛ ገጭቶ፣ መኪናውን ጥሎ ቢሰወር ሊብሬው ላይ ያለው ስም የማን ነው? የወንድም ልጅ ቁልፉን ከመስኮት አንስቶ "ትንሽ ልንዳት" ብሎ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ስርቆት ነበር ብሎ መሟገቱ ቀላል አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የምንገባው አስገዳጅ የሦስተኛ ወገን መድንም ለተጎጂው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይከፍላል እንጂ የተሰረቀ መኪና አይተካም።

ስለዚህ አስገባ አልኩት፤ ግን አሠራሩን ጠይቀህ። ፋብሪካ የሚገጥመው ዓይነት ቁልፉ ውስጥ ባትሪ የማይፈልግ ቺፕ አለው፤ ኮዱ ካልገጠመ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅ አይለቅም። የድሮ ናፍጣ ሞተር ኮምፒውተር የለውም። ኤሌክትሪሺያኑ የሚያደርገው ወደ ሞተሪኖውና በናፍጣ ፓምፑ ላይ ነዳጅ ወደሚዘጋው ቫልቭ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ በሪሌ መቁረጥ ነው። የቫልቩ ብቻ ከተቆረጠ ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪ ሽቦ የሚስብ ሌባ ይረታዋል። ከሁሉ በላይ መኪናው እየሄደ ሞተሩን የሚያጠፋ እንዳይሆን። ከጎንደር ደጋ ወደ ሳንጃ ሲወረድ የላላ ሽቦ ሞተሩን ቢያጠፋው ፍሬኑ ይከብዳል፣ መሪውም ይጠነክራል፤ ከሌባ የተረፈውን ገደል ይወስደዋል።

ይህ የግለሰብ ጉዳይ ነው፣ ሌላውን ምን አገባው የሚል አይጠፋም። የካናዳዋ ዊኒፔግ በመኪና ስርቆት የታወቀች ከተማ ነበረች። የማኒቶባ የመንግሥት መድን ድርጅት ወጪውን ራሱ ሸፍኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለስርቆት እጅግ በተጋለጡት መኪኖች ላይ ኢሞቢላይዘር ግዴታ ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስርቆቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ድርጅቱ ጽድቅ ፈልጎ አይመስለኝም፤ ካሳው ስለበዛበት ነው። የእኛዎቹ መድን ሰጪዎች እንዲህ ያለ መኪና ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ በግልጽ የታወቀ የዓረቦን ቅናሽ ቢያደርጉ ማን ይከስራል?

አንድ ነገር ግን አልደበቅኩትም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ግጭት ባልተለየው በዚያ አካባቢ የመንገደኛው ስጋት ግቢ ገብቶ ሽቦ የሚያገናኝ ሌባ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ዘግቶ መሣሪያ የሚደግንና ሰው የሚያግትም አለ። ለእሱ ሪሌ መልስ አይሆንም፤ እንዲያውም መኪናው አልነሳ ሲለው ንዴቱን የሚወጣው በሾፌሩ ላይ ነው። "እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ ስዊቹን ራስህ ከፍተህ ስጠው" አልኩት።

"ከፍዬ አስገብቼ፣ ከፍቼ ልሰጥ!" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ባለፈው ሳምንት አስገብቶታል። ደረሰኙን ከሊብሬው ጋር አስቀምጥ ብዬዋለሁ፤ አንድ ቀን ማስረዳት ቢመጣ ይጠቅመዋል። ስዊቹ የት እንዳለ ለእህቴም አልነገራት፤ እሷ ግን በሁለተኛው ቀን አግኝታዋለች።