«በምን ታወቀ?» የማይል ትውልድ እያመረትን ነው!

አንዲት ጎረቤቴ የ10ኛ ክፍል ልጅ አለቻቸው። ቀለሜ ናት፤ የልብን አራት ክፍሎች በእንግሊዝኛ እንደ ውዳሴ ማርያም ትደግማቸዋለች። ባለፈው ክረምት ይህችው ልጅ «ጥቁር አዝሙድ በማር የደም ግፊትን ድራሹን ያጠፋል» የሚል ቪዲዮ ከስልኳ ለእናቷ አሳየች። እናት የተማረች ልጃቸውን አምነው ክኒናቸውን አቋረጡ። ከወር በኋላ ወድቀው ሆስፒታል ያደረስናቸው እኔና የሰፈር ልጆች ነን።

ልጅቷ ምን አጠፋች? ያስተማርናትን ነው ያደረገችው! ጻፍ፣ ሸምድድ፣ ለፈተና መልስ። አስተማሪዋን «በምን ታወቀ?» ብላ የማታውቅ ልጅ ስልኳን እንዴት ትጠይቅ?

ደግሞስ በልጆቹ ብቻ ለምን እንፈርዳለን? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ ሲባል ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ተሻምተን ዋጋውን ጣራ ያስነካነው እኛው ትልልቆቹ ነን። መንግሥትም በዚያው መጋቢት ወር የኮሮና የባህል መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን አለፈ ብሎ አስጨበጨበን። የት ደረሰ? ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው?

«ድሆች ነን፣ ቴክኖሎጂው የለንም» የምትሉ ሹማምንት ስሙኝማ! ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ከበርቴ ናቸው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2022 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 10 ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚፈጅ ትምህርት ሰጥተው ፈተሹ። መምህሩ ትምህርቱን ከስልኩ ወይም ከኮምፒዩተር ይከፍታል፤ ፕሮጀክተር ከሌለው ጠመኔውን ያነሣል። አንድ ሰው ስለዳነ ብቻ መድኃኒቱ አዳነው አይባልም፤ የወሰዱትና ያልወሰዱት ይነጻጸሩ፤ ጥቅሙ ብቻ ሳይሆን ጉዳቱም ይመዘን። ትምህርቱ ይኸው ነው። በሦስቱም አገሮች የተማሩት ካልተማሩት በልጠው ተገኙ። ቀደም ሲልም እ.ኤ.አ. በ2016 በኡጋንዳ 120 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት፣ ከተማሩት ሕፃናት 69 በመቶ ፈተናውን ሲያልፉ ካልተማሩት ያለፉት 27 በመቶ ብቻ ናቸው።

እኛስ? «ሂሳዊ አስተሳሰብ» የሚባል ነገር በሥርዓተ ትምህርታችን ሰፍሯል። ወረቀት ላይ! ምክንያቱ ምን ይሆን? ዛሬ ስለ ጥቁር አዝሙድ «በምን ታወቀ?» ያለ ልጅ ነገ ስለ በጀቱም ይጠይቃላ!

ጥቁር አዝሙዱን ልሰድብ አይደለም፤ ወጥ ውስጥ ሲገባ እወደዋለሁ። ግን የጎረቤቴ ግራ እጅ ዛሬም አይታዘዝም። የምታጎርሳቸው ያችው ቀለሜ ልጅ ናት። ስታጎርሳቸው ቀና ብላ አታያቸውም። «ለምን አልጠየቅሽም?» ብለን እሷን ከመውቀሳችን በፊት፣ መጠየቅን ማን አስተማራት? ልቦና ይስጠን!