«ሳል የለኝም፣ ሆዴ ነው»፦ ኮሮና፣ ረመዳንና የወለጋ ከተሞች



የ2012ቱ ረመዳን ሚያዝያ 16 ከገባ በኋላ ከነቀምቴና ከጊምቢ ይደርሱን የነበሩት ጥያቄዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበሩ። «ሳል የለኝም፣ ሆዴን ነው የሚያመኝ፤ ምግብም አስጠልቶኛል። ይሄ ኮሮና ሊሆን ይችላል?» የሚል ነበር። መልሱ በአጭሩ «አልፎ አልፎ አዎ» ነው። ይህች «አልፎ አልፎ» ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ትፈልጋለች።

ያኔ በየቦታው የተለጠፈው ማስታወቂያ ሦስት ምልክቶችን ይነግረን ነበር፦ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር። ስህተት አልነበረበትም፤ ሙሉ ግን አልነበረም። ከቻይና የወጣው ትልቁ የመጀመሪያ ጥናት 1,099 ሕሙማንን ያየ ሲሆን፣ ተቅማጥ የታየባቸው ከመቶ አራት እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ የገጠማቸውም ከመቶ አምስት ናቸው። በኋላ ግን በሁቤይ ግዛት ሦስት ሆስፒታሎች የተኙ 204 ሕሙማን ሲጠየቁ፣ ግማሽ ያህሉ የሆድ ስሜት እንደነበራቸው ተናገሩ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ግን አይጣሉም። ሁለተኛው ጥናት የምግብ ፍላጎት ማጣትንም ቆጥሯል፤ የብዙዎቹም ስሜት እሱ ነበር። ተቅማጥ የነበረባቸው ከነዚህ ውስጥ ሲሶ ገደማ ናቸው። የሆድ ምልክት ብቻ ኖሮባቸው ሳልም ሆነ የትንፋሽ ችግር ያልነበራቸው ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ቁጥር ነው። የሆድ ምልክት የነበራቸው ሕሙማን ከታመሙ በአማካይ በ9ኛው ቀን ሆስፒታል ሲገቡ፣ ሌሎቹ በ7ኛው ቀን ገደማ ገብተዋል። ሆዱን የታመመ ሰው ኮሮናን አይጠረጥርም፤ ስለዚህ ይዘገያል። በዘገየባቸው ቀናት ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ትሪ ያፈጥራል።

የሳንባ በሽታ ሆድ ውስጥ ምን ያደርጋል? ቫይረሱ ወደ ሰውነት ሴል የሚገባው በሴሉ ላይ ባለ አንድ ዓይነት «በር» በኩል ነው። ይህ በር በሳንባ ብቻ ሳይሆን በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይም በብዛት ይገኛል። ምርመራ ከተደረገላቸው 73 የቻይና ሕሙማን ውስጥ የ39ኙ ሰገራ የቫይረሱን ዘረ መል ይዞ ተገኝቷል። በአንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም የጉሮሮው ናሙና ነጻ ከሆነ በኋላ የሰገራው ቀጥሏል።

አሁን ወደ ወለጋ እንምጣ። በሀገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ያን ቀን በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ከታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንት ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። በምሥራቅ ወለጋ እንደ ነቀምቴ ባሉ ዋና ከተሞች ስልክ ቢሠራም ኢንተርኔት አልነበረም። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ነው። ሌላው ሀገር ስለ በሽታው ሌት ተቀን ሲያወራ የደምቢ ዶሎ ሰው ልጁን ደውሎ «እንዴት ነህ?» ማለት አይችልም ነበር። የፀጥታው ጉዳይ ምንም ይሁን ምን፣ ወረርሽኝ በደጅ ቆሞ ሳለ ስልክ መዝጋት ትክክል ነበር ብለን አናምንም። መረጃው ዘግይቶ ሲደርስም የደረሰው በአጭሩ፣ በሦስቱ ምልክቶች ብቻ ነው።

በዚያ ላይ በወለጋ የሆድ ሕመም ብዙ ባለቤት አለው። ታይፎይድ አለ፣ አሜባና ጃርዲያ አለ፣ በዴዴሳ ቆላ ደግሞ ትኩሳትና ማስመለስ የምታመጣው ወባ አለች። ስለዚህ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፋርማሲ ነው፤ የአሜባ መድኃኒት ገዝቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ጨምሮበት ይተኛል። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ይሆናል፤ እዚያ አካባቢ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሁሉ ኮሮና አለበት ማለት ሕዝብን በከንቱ ማሸበር ነው። እኛም መምህር በነበርንባቸው ዓመታት «ሆዴን» የሚል ተማሪ ሲመጣ ቅድሚያ የምናየው የፈተናውን ፕሮግራም ነበር! ልዩነቱን የሚፈጥረው አብሮ የመጣው ነገር ነው። ከተቅማጡ ወይም ከምግብ መጥላቱ ጋር ትኩሳት፣ ድካም፣ ማሳል ወይም ማሽተት አለመቻል ካለ፣ ወይም ሰውየው ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር ከነበረ፣ ለሐኪሙ ሁሉንም መናገር አለበት። ያኔ በጤና ተቋም በር ላይ ይቆም የነበረው ባለሙያም ሙቀት ከመለካት አልፎ ስለ ሆድ ቢጠይቅ ኖሮ አንድ ደቂቃ አይወስድበትም ነበር። አለዚያ ታማሚው ከሌላው ጋር በአንድ ወረፋ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ሲጠብቅ ይውል ነበር።

ረመዳን ነገሩን ያወሳስበዋል። የጾመ ሰው ምግብ ቢያስጠላው ማን ልብ ይለዋል? በኢፍጣር ሰዓት ሁለት ተምር ቀምሶ የተነሳን አባት ቤተሰቡ «ጾሙ አድክሞት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እናቶችና አባቶች በኢፍጣር ብዙም ሳይበሉ ሲነሱ፣ በተለይ በተከታታይ ቀናት ከሆነ፣ ልጆች ቢጠይቁ መልካም ነው። ተቅማጥ ይዞት የሚጾም ደግሞ ውሃውን እያጣ ነው። ለታመመ ሰው ማፍጠርና በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት በቁርኣን የተፈቀደ ነው፤ «ምንም አይደለም፣ እችላለሁ» ማለት ጀግንነት አይደለም። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በየጤና ኬላው አለ፤ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ነው።

የመጸዳጃው ነገር ይቀራል። ቫይረሱ በሰገራ በኩል ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አልተረጋገጠም። ሆኖም በ2003 እ.ኤ.አ. የዚሁ ቫይረስ ዘመድ የሆነው ሳርስ ሆንግ ኮንግ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃዎች መንደር ከ300 በላይ ሰዎችን ሲይዝ፣ ብዙዎቹ ተቅማጥ ነበራቸው፤ ጥርጣሬውም በመጸዳጃ ቱቦዎቹ ላይ ወድቆ ነበር። በነቀምቴ ኪራይ ቤቶች አንድን መጸዳጃ አምስትና ስድስት ቤተሰብ ይጋራዋል፤ የኢስቲንጃው ማንቆርቆሪያም የሁሉም ነው። በውሃ መጥራታችን መልካም ልማድ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ሳሙና ካልነካን እጃችን ማንቆርቆሪያውን፣ ከዚያ የበሩን እጀታ ይነካል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት በ2012ቱ ረመዳን መስጊድ ባንሄድም መጸዳጃው ጋ መገናኘታችን አልቀረም ነበር። ሳሙናዋን በገመድ አስሮ በሩ ላይ ማንጠልጠል፣ ለታመመው ሰው ደግሞ የራሱን ማንቆርቆሪያ መለየት ይቻላል። የተጠራጠረ ሰው በ8335 በነጻ ደውሎ ሲጠይቅ ሳል ባይኖረውም የሆዱን ነገር አስቀድሞ ይናገር።