ፋይሉ ሞልቷል፤ ተማሪውስ?

በግቢያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «ለአንድ ሴሚስተር የተማሪ ልውውጥ፣ በፈረንሳይ አገር የምህንድስና ትምህርት ቤት» ይላል። ከሥሩ የሚቀርቡት ሰነዶች ተዘርዝረዋል፤ ቆጠርናቸው፣ ዐሥራ አንድ ናቸው። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ፣ የጤና መድን፣ የፈረንሳይኛ ፈተና ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ምኑ ቅጡ! ከውጤት መግለጫው በቀር፣ ተማሪው በጭንቅላቱ ምን ይዞ እንደሚሄድ የሚጠይቅ አንድም ወረቀት የለም። ጠባችን ከዚህ ይጀምራል።

ዕድሉ የደረሰው ጓደኛችን የዲማ ልጅ ነው። የውሃ ምህንድስና ይማራል። እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። አብረነው ከቢሮ ቢሮ ስንንከራተት አንድ ኃላፊ ቀና ብለው አዩንና «እናንተን ደግሞ ምን አገባችሁ? ይሄ የኢንጂነሪንግ ጉዳይ ነው» አሉን። እንደሚያገባን ለማስረዳት ነው ይህን የምንጽፈው።

የልደት ምስክር ወረቀቱን ነገር እናስቀድም፤ ሁለት ወር ሙሉ የበላን እሱ ነውና። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ጓደኛችን የተወለደው በ1996። እናቱ ሲጠየቁ «በሚያዝያ ጊዮርጊስ ማግሥት፣ የድግሱ ድንኳን ሳይነሣ» ይላሉ። ከዚህ የጠነከረ ምስክር ከየት ይምጣ? ጸሐፊውም ይህንኑ ሰምቶ 24/8/1996 ብሎ መዘገበ። በእኛ ቁጥር ትክክል ነው። የከተማው ተርጓሚ ግን «ዓ.ም.» የምትለዋን ጥሎ ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠው። በፓስፖርቱ ልጁ የተወለደው ሜይ 2 ቀን 2004 ነው፤ በትርጉሙ ኦገስት 24 ቀን 1996። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተወለደ ማለት ነው፤ ያውም በመካከሉ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ! ባሕረ ሐሳብ የቆጠረ አንድ የአብነት ተማሪ በአምስት ደቂቃ የሚያርመውን ስሕተት፣ ሦስት ቢሮ እየተቀባበለ «ዋናውን ከትውልድ ቦታህ አስተካክለህ አምጣ» ብሎ መለሰው። ስሙም እንዲሁ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል፤ የአያቱን ስም ሞሉበት። ከፈረንሳይ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ አሁን ለአያቱ ነው የሚጻፈው። «አያቴ እኮ ካረፉ ቆዩ» ይላል ጓደኛችን፤ ይስቃል፣ ግን ሆዱ አይስቅም።

እናም መንገድ በተገኘ ሰሞን ዲማ ሄድን።

ዲማ ጊዮርጊስን ለጎጃም ልጅ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ወርቅ ጋር የአብነት ትምህርታቸውን የቀሰሙበት ደብር ነው። ጓደኛችን ግን በዝግጅት ስብሰባ ላይ ምን ተብሎ ነበር መሰላችሁ? «ከየት ነህ ሲሉህ ከአዲስ አበባ ነኝ በል፤ ዲማን ማን ያውቀዋል?» በዚያው ስብሰባ ሹካና ቢላ አያያዝ ተምሯል። አንድ የትምህርት ሰዓት ሙሉ!

ከተማሪ ቤቶቹ ጎጆዎች አጠገብ አንድ የቅኔ መምህር ተቀምጠው አገኘን። እጅ ነሣን።

«ወዴት ነው መንገዱ?» አሉት ጓደኛችንን።

«ፈረንሳይ አገር ነው፣ የኔታ። ለትምህርት።»

«ማለፊያ። ምን ይዘህ ትሄዳለህ?»

ልጁ ደነገጠ። ዐሥራ አንዱን ሰነድ አንድ በአንድ ዘረዘረላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እሱስ ለበረኛው ነው፣ ልጄ። ለመምህሩስ?» አሉት።

ከመካከላችን አንድም ሰው መልስ አልነበረውም። ማታ በተኛንበት ቤት ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣን። የቅኔ ተማሪ አገር ለአገር ሲዞር ኖሯል፤ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዋድላ። የቤቱ ስልት ይለያያልና ልዩነቱን ፍለጋ ይሄዳል። ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ። አኮፋዳው ባዶ ነው። አዲሱ ጉባኤ ሲደርስ ግን የራሱን ቅኔ ይዞ ነው የሚቀርበው፤ መምህሩም ከሚዘርፈው ቅኔ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ። ይሄ ነበር እኮ የተማሪ ልውውጥ! በእርግጥ ውሻውንና ረኃቡን አናሞግስም። እነ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ መምህርት እስከ መሆን ቢደርሱም በሩ ለሴት ልጅ ጠባብ እንደነበረም አንሸሽግም፤ እህቶቻችን ይህን አንቀጽ ሲያነቡ ቅር እንዳይላቸው። ነገር ግን ያ ተማሪ ማንም «ከየት ነኝ አትበል» አላለውም።

ወደ ፈረንሳይ እንመለስ። «ይሄ የኢንጂነሪንግ ጉዳይ ነው» ላሉን ኃላፊ አንድ ነገር እንንገራቸው። በሊዮን ከተማ ኢንሳ የሚባለው የምህንድስና ትምህርት ቤት በ1957 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ጋስቶን ቤርዤ ነበር፤ ሴኔጋል ሴን ሉዊ የተወለደ ፈላስፋ። መሐንዲስ የሚሆን ወጣት ከሂሳቡ ጋር ስለ ሰውም መማር አለበት ብሎ ገና ከጅምሩ የሰብአዊ ጥናት በትምህርቱ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ፈላስፋ የምህንድስና ትምህርት ቤት ሲያቆም «ምን አገባህ?» ያለው አልነበረም። የእኛው አፈወርቅ ተክሌስ ቢሆኑ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ አልነበረም? ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ፤ አገር ምን ጎደለባት?

ሹካ ከማስያዝ ይልቅ የሚጠቅም ነገር ለልጁ ማን ነገረው? እኛው ነን እዚያ ደርሰው የመጡትን ጠይቀን የነገርነው። ሴሚስተሩ 30 ክሬዲት ነው። ፈተና የሚታረመው ከ20 ነው፤ ማለፊያው 10 ነው፣ 12 ያገኘ ሰው አያለቅስም፣ 20 ማየት ብርቅ ነው። እዚህ «ኤ» የለመደ ልጅ ይህን ሳያውቅ ቢሄድ በመጀመሪያው ወር ልቡ ይሰበራል። በትልቁ አዳራሽ ከሚሰጠው ትምህርት ሌላ፣ በትናንሽ ክፍል መልመጃ የሚሠራበትና ቤተ ሙከራ የሚገባበት ሰዓት አለ፤ እዚያ ዝም ብሎ መጻፍ አይበቃም፣ ቆሞ መናገር ይመጣል። ታዲያ ቆሞ ምን ይናገር?

ለገንዘቡማ ቆንስላው በወር 615 ዩሮ መኖሩን አሳዩ ይላል። አባቱ ይህን ሰምተው «ስንት ጥማድ በሬ ይሆናል?» አሉ። ስኮላርሺፑ ይሸፍነዋል ብንላቸውም ሒሳቡን ሳይጨርሱ አልተውንም።

የአባትየውን ነገር ያነሣነው ለዋዛ አይደለም። የየኔታን ጥያቄ የመለሱት እሳቸው ናቸውና፤ ያውም ሳያውቁት። በማግሥቱ ጠዋት የጤፍ ማሳቸውን ሊያሳዩን ወሰዱን። የክረምት ውሃ እህሉን እንዳያጠፋው በማሳው ላይ አግድም አዘንብለው በማረሻ የሚያወጡት ቦይ አለ፤ ፈሰስ ይሉታል። ስንት ርምጃ ተራርቆ ይወጣል? ወዴት ያዘነብላል? በጣም ቁልቁል ከሄደ ምን ይሆናል? ሁሉንም ያውቁታል። ከታች ያለውን ሸለቆ እያሳዩ፣ ያለልክ የወጣ ፈሰስ የጎረቤትን መሬት እንዴት እንደሚቦረቡር ነገሩን፤ ለዚህም ስንት ሽምግልና እንደተቀመጡ። ጓደኛችን ገመድና ድንጋይ አምጥቶ መለካት ጀመረ። አራት ዓመት የውሃ ምህንድስና ሲማር የአባቱን ፈሰስ ለክቶ አያውቅም ነበር! እኛም ከእሱ አንሻልም፤ ቃሉን አንድም ቀን ጽፈነው አናውቅም።

የጮቄ ተራራ ውሃ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከላይ ያለው አፈር ታጥቦ ወደ ታች መውረዱ የሚያሳስበው ሁሉ ይህን የፈሰስ ነገር ሊሰማው ይገባል፤ የፈረንሳይ መምህርም ቢሆን። ለመምህሩ የሚወሰደው እንግዲህ ይሄው ነው።

ልውውጥ የሚለውን ቃል ደግሞ እንጠይቀው። የጂቡቲው ምድር ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ የፈረንሳይ ምህንድስና ከደጃችን ነበር፤ ለገሃር የሚለውን ስም ትቶልን እስከ ዛሬ እንጠራዋለን። ከእኛስ ወደዚያ የሄደ ቃል አለ? በልጁ ፈንታ ከዚያ የሚመጣ ተማሪ ይኖር እንደሆን ጠይቀን ነበር። «እዚህ መጥቶ ምን ይማራል?» ተባልን። የጠየቁን ሰው እየቀለዱ እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የዝግጅቱ ስብሰባ ይለወጥ። ተማሪው ከመሄዱ በፊት ስለ ትውልድ ቦታው አንድ የሚያቀርበው ጽሑፍ ያዘጋጅ፤ የምህንድስናው ተማሪ ይለካ፣ እኛ እንጻፍ፣ አብረን እንተርጉም። የልደት ቀን መቀየሩንም በግቢው ውስጥ ለሚያውቁት ስጡ፤ የጓደኛችን ወረቀት የታረመው ከአንድ ወር በኋላ ነው፣ ስሙ ግን እስካሁን የአያቱ ነው።

የፈሰሱ ሥዕልና ልኬት ዐሥራ ሁለተኛ ሰነድ ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ወደ ፈረንሳይኛ እየመለስነው ነው። «ፈሰስ»ን «ቦይ» ብለን እንተርጉመው የሚሉ ሁለት አሉ፤ ሌሎቻችን እንዳለ ይቀመጥ፣ ከሥሩ ይብራራ ብለናል፤ ክርክሩ አላለቀም። ፈረንሳይኛ የምታውቁ፣ ወይም አባታችሁ ፈሰስ የሚያወጡ፣ ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ኑ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ፤ የእኛ አልቋል።