የኖራ ውሃ፥ በቆሎና ቡና

ሰሜን አሜሪካንና ደቡብ አሜሪካን እንደ ድልድይ ያያያዘውን ቀጭን ምድር በካርታ ላይ የተመለከተ ሰው ጓቴማላን ከሜክሲኮ በታች ያገኛታል። አገሪቱ ተራራማ ናት፤ እሳተ ገሞራም አላት። በደጋዋ የሚኖሩት ገበሬዎች አብዛኞቹ የጥንቱ የማያ ሕዝብ ልጆች ሲሆኑ፥ ከሃያ በሚበልጡ ቋንቋዎቻቸው እስከ ዛሬ ይነጋገራሉ። ለዛሬ አንባቢዎቻችንን ልናጫውት ያሰብነው ስለ እነዚህ ሰዎች ማዕድና ኑሮ ነው። (በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተሜ እንግዳ ከእነዚህ ገበሬዎች ቤት ገብቶ ገበታቸውን ቢያይ፥ መጀመሪያ የሚለው ቃል «ድሆች ናቸው» የሚል ነው። ጧት የበቆሎ ቂጣና ጥቁር አደንጓሬ፥ ቀትር ላይ የበቆሎ ቂጣና ጥቁር አደንጓሬ፥ ማታም እንዲሁ። ሥጋ በበዓል ካልሆነ እምብዛም አይታይም። ድህነቱ እውነት ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን እንግዳው ልብ ያላለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከምድጃው አጠገብ ባለው ማሰሮ ውስጥ ነው።

የቤቲቱ እመቤት የበቆሎውን ፍሬ በውሃ ትጥድና ጥቂት ኖራ ትጨምርበታለች። አዎን፥ ግድግዳ የሚቀባበት ያው ኖራ ነው! ኖራ በሌለበት ስፍራ የእንጨት አመድ ያገለግላል። ከፈላ በኋላ ታወርደውና እዚያው ውሃው ውስጥ ያድራል። ሲነጋ ፍሬው በእጅ ሲታሽ ልጣጩ ይወርዳል፤ ደጋግማ ታጥበውና ታስፈጨዋለች። ዱሮ የሚፈጨው ተንበርክኮ በድንጋይ ነበርና የሴቲቱን እኩሌታ ቀን ይወስድባት ነበር። አሁን በብዙ መንደር የሞተር ወፍጮ ስላለ፥ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሴቶች እርጥቡን በቆሎ ተሸክመው ተራ ሲጠብቁ ይታያሉ። የመንደሩ ወሬ የሚጀመረውም እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ሊጡን በሁለት መዳፋቸው እያጨበጨቡ ጠፍጣፋ ያደርጉትና በምጣድ ይጋግሩታል። ምጣዱን «ኮማል» ይሉታል፤ ከሸክላ የተሠራውን የኛ አገር ሰው ቢያየው ስሙን ሳይጠይቅ ሥራውን ያውቀዋል። ቂጣው «ቶርቲያ» ይባላል።

ኖራው ምን ይሠራል ቢባል፥ ልጣጩን ያላቅቃል፤ ሊጡም ሳይፈረፈር እንዲያያዝ ያደርጋል፤ ለአጥንት የሚጠቅም ካልስየምም ይጨምራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በበቆሎ ውስጥ ናያሲን የሚባል ቪታሚን አለ፤ ዳሩ ግን ከሌላ ነገር ጋር ተቆራኝቶ የታሰረ ስለሆነ የሰው ሆድ እንደሚገባ አይጠቀምበትም። ከእስራቱ የሚፈታው ኖራው ነው።

በቆሎ ከ1492 በኋላ በመርከብ ተጭኖ ዓለምን ዞረ። በአገራችንም «የባሕር ማሽላ» መባሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ያስታውሳል። ዘሩ ተሻገረ፤ የኖራው ማሰሮ ግን ከባለቤቶቹ ዘንድ ቀረ። በስፔን አገር፥ አስቱሪያስ በተባለው ክፍል፥ ጋስፓር ካሳል የሚባል ሐኪም በ1735 በቆሎ በሚበሉት ድሆች ላይ ቆዳ የሚያቀላና የሚልጥ በሽታ አይቶ መዘገበ። ኢጣሊያኖች በኋላ «ፔላግራ» አሉት፤ ሻካራ ቆዳ እንደ ማለት ነው። በሽታው ሆድን ያውካል፥ አእምሮን ይነሣል፥ በመጨረሻም ይገድላል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ፈጅቷል። ብዙዎቹ ሐኪሞች ተላላፊ ነው ይሉ ነበር። በ1914 መንግሥት የላከው ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ግን በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልና በሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ሕሙማኑ ሲያልቁ አስታማሚዎቹ እንደማይታመሙ ልብ አለ፤ ምክንያቱም ምግብ መሆኑን ተናገረ። ያላመኑትን ለማሳመን እርሱና ባልደረቦቹ ከበሽተኞች የተወሰደውን ደምና ቆሻሻ በገዛ ሰውነታቸው አስገብተው ሳይታመሙ ቀሩ። የጎደለው ነገር ናያሲን መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጓቴማላዋ ሴት በቆሎዋን በኖራ ትቀቅል ነበር። የጠየቃት የለም። በእርግጥ ከበሽታው የጠበቃት ኖራው ብቻ አይደለም፤ አደንጓሬውና ቅጠላ ቅጠሉም ድርሻ አላቸው። እነዚህም የሚገኙት ከዚያው ከበቆሎው ማሳ ነው።

ማሳውን «ሚልፓ» ይሉታል። መሬቱ ብዙውን ጊዜ በሬ የማይወጣው ቁልቁለት ስለሆነ የሚሠራው በእጅ መቆፈሪያ ነው። በግንቦት ዝናቡ ሲጀምር በቆሎና አደንጓሬ አብረው ይዘራሉ፤ በመካከላቸውም ዱባ ይገባል። አደንጓሬው የበቆሎውን አገዳ እየተጠመጠመ ይወጣል፤ ከአየርም ናይትሮጂን ወስዶ መሬቱን ያዳብራል። የዱባው ሰፊ ቅጠል ደግሞ መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ይጠብቃል፥ አረምም ያፍናል። ሳይዘራ የሚበቅለውን ቅጠል ሁሉ ነቅለው አይጥሉትም፤ የሚበላውን መርጠው ይቀቅሉታል። «አንድ ማሳ ለአንድ ዘር» የሚለውን ትምህርት ያጠና የእርሻ ተማሪ ይህን ቢያይ ዝብርቅርቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ከብዙ የተሰለፈ እርሻ ይልቅ ሥርዓት ያለው ይመስለኛል። የኪቼ ማያዎች መጽሐፍ ፖፖል ቩህ ሰው የተፈጠረው ከቢጫና ከነጭ በቆሎ ነው ይላል።

ሆኖም በቆሎ ቤተ ሰብን ይመግባል እንጂ ጨው፥ ሳሙና፥ መድኃኒትና ደብተር አይገዛም። ገንዘብ የሚያመጣው ቡና ነው። ቡና ከኛው ከኢትዮጵያ ደን የተነሣ ዛፍ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ጓቴማላ ሲደርስ ግን በመልካም አልተቀበሉትም ማለት ይቻላል። ከ1871 በኋላ የተነሣው መንግሥት ለቡና ተክል ብሎ ብዙ የመንደር የጋራ መሬት ለባለ ሀብቶች እንዲተላለፍ አደረገ። በ1877 የወጣው ደንብ ደግሞ ገበሬውን በግድ ወደ ቡና እርሻው ላከው። በ1934 የወጣው ሕግም መሬት የሌለውን ሰው በዓመት እስከ 150 ቀን እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። ይህ ቀንበር የወረደው ከ1944ቱ አብዮት በኋላ ነው።

ዛሬ ብዙ ቤተ ሰቦች የራሳቸው ጥቂት የቡና ዛፍ አላቸው። መሬቱን በ«ኩዌርዳ» ይለኩታል፤ ቃሉ ገመድ ማለት ነውና የኛን ቀላድ ያስታውሳል። ቡናው ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ይለቀማል። እየዞረ የሚገዛቸውን ነጋዴ «ኮዮቴ» ይሉታል፤ ቀበሮ የሚመስል የአገሩ አውሬ ነው። ስሙ ብቻ ስለ ዋጋው ይናገራል! ከኛ አገር የቡና ምርት እኩሌታው ያህል እዚሁ ይጠጣል። በዚያ ግን መልካሙ ቡና ወደ ውጭ ይሄድና ለለቃሚው የሚቀረው ስኳር የበዛበት ቀጭን ነው፤ እርሱም ሲጠፋ ቂጣ አሳርረው በውሃ እያፈሉ እንደ ቡና ይጠጡታል።

የወር ደመወዙን ሠላሳ ቀን ማድረስ የሚቸግረው ወጣት ጸሐፊ፥ ደመወዙ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቢከፈለው ምን ይሆን እንደ ነበር ያስብ። የነዚህ ሰዎች ኑሮ እንዲህ ነው። የቡናው ገንዘብ ካለቀበት፥ የጎተራውም በቆሎ ከተሟጠጠበት ጊዜ ጀምሮ አዲሱ እህል እስኪደርስ ያሉትን ወራት «የከሱ ወራት» ይሏቸዋል። በዝናቡ ወራት፥ ምድሩ ሁሉ ለምልሞ ሳለ ነው የሚራበው፤ የኛም ገበሬ ይህን ክረምት ያውቀዋል።

ቡና ሲወደድ ሚልፓውን ነቅሎ መሬቱን በሙሉ ቡና የሚያለብስ ብዙ ነው፤ አያስወቅሰውም፥ ልጆቹን ሊያስተምር ነው። ነገር ግን በ2001 የቡና ዋጋ ወርዶ አንዱ ፓውንድ በዓለም ገበያ 45 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ሲሆን፥ በ2012 ደግሞ የቅጠል ዋግ ተነሥቶ የመካከለኛውን አሜሪካ ቡና ሲያረግፍ፥ ሚልፓውን የነቀለው ሰው በቆሎውንም በገንዘብ የሚገዛ ሆኖ ተገኘ። ማሳውን ያልነቀለው ጎረቤቱ ዕዳ ቢኖርበትም ቂጣና አደንጓሬ አላጣም።

መውጫ ያጣው ወደ ሰሜን ይሄዳል። በሜክሲኮ አሳልፎ አሜሪካ የሚያስገባውን ደላላም «ኮዮቴ» ይሉታል፤ ያው የቡናው ነጋዴ ስም ነው። ለመንገዱ መሬቱን የሚያሲዝ አለ፤ ተይዞ ቢመለስ ዕዳው ከነወለዱ ይጠብቀዋል። የተሳካላቸው የሚልኩት ገንዘብ ዛሬ ከአገሪቱ ጠቅላላ ገቢ አንድ አምስተኛ ያህል ደርሷል። በዚህ ገንዘብ የብሎኬት ቤት ይሠራል፥ መሬትም ይገዛል።

አባት በሌለበት ቤት ሚልፓውን የምትዘራው እናቲቱ ናት። ከመከሩ የተመረጡት የበቆሎ ራሶች ለዘር ከምድጃው በላይ ተሰቅለው ጭስ ይጠጣሉ፤ ነቀዝ እንዳይደርስባቸው ነው። እስከ ግንቦት ከዚያ አይወርዱም፤ ጎተራው ቀድሞ ካለቀ ግን ወርደው እንደ ሌላው በቆሎ ወደ ኖራው ውሃ ይገባሉ።