ያረጀው የማድ ቤት ሣጥን

የማድ ቤታቸው የዕቃ ሣጥን ስለ ጠቆረ ብቻ አዲስ ለመግዛት የሚበደሩ ባለትዳሮችን እናያለን። እንጨቱ ካልነቀዘና ካልበሰበሰ ግን መታደስ ይበቃዋል። አስቀድሞ ቅባቱና ጥላሸቱ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ቅባት ባለበት እንጨት ላይ ቀለም አይይዝምና። ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፤ ብናኙ ተጠርጎ ቀለሙ ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባ፤ የፊተኛው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ። ማጠፊያው የላላ እንደ ሆነ፥ ኮላ የተቀባ የክብሪት እንጨት በቀዳዳው ወትፎ ቪቴውን መልሶ ማጥበቅ ነው።

የተረፈው ገንዘብ ለጢስ መውጫ ይዋል። ሣጥኑን ያጠቆረው ጢስ የእናቲቱን ዓይንና የሕፃኑን ሳንባ ይጎዳልና፥ ከሣጥኑ ውበት የእነርሱ ጤና እንዲቀድም አባወራውን እናሳስባለን።