የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የታይታን አየር ከየት መጣ?

ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው ሐርላ ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድን፣ የግብፅ ሳንቲምንና የቻይና ሸክላን አውጥቷል። ዕቃ የመጣበትን አገር በተሠራበት ነገር ይናገራል። አየርም እንዲሁ ነው። ስለ ሳተርን ጨረቃ ስለ ታይታን የቀረበው ዋና ጽሑፋችን እንደሚያስረዳው፣ የናይትሮጂኗ አይሶቶፖች (በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) ምጣኔ ምንጩ በበረዶ ውስጥ የታሰረ አሞኒያ እንደነበር ይጠቁማል። አስቸጋሪው በአየሯ ውስጥ ያለው ሚቴን ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ሊጨርሰው ሲገባ ዛሬም አለ። ከሆዷ የሚተካው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ሃይገንስ የተባለው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2005 ታይታን ላይ ያረፈው ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ብርድ ነው፤ የድሬን ሙቀት የለመደ ያስበው! ከታይታን ሌላ፣ ፕሉቶ ከፀሐይ ስትርቅ ከፊሉ ወደ በረዶነት የሚለወጠውን ስስ አየሯን በአንድ ገጽ ብቻ አልፈነዋል፤ የፕሉቶ ወዳጆች ቅር እንዳይላችሁ።