ሙዚየም ከአያት ጋር

በከተማችን ሙዚየም የሚገባው ሰው በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በትምህርት ቤት ሰልፍ የመጣ ተማሪ ነው፣ ወይ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ የሚያስጎበኝ። ተማሪውን ሲመለስ የቤት ሥራ ይጠብቀዋል። ዘመድ አስጎብኚው ደግሞ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ መግዛት፣ ማታም የባህል ምግብ ቤት አለበት። እንዲሁ ቅዳሜ ጠዋት ደስ ስላለው ብቻ ልጁንና እናቱን ይዞ የሚገባ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ሦስተኛ ዓይነት ጎብኚ ነው፤ በተለይም "እናቱን ይዞ" ስላልኩት። ልጆችን ሙዚየም መውሰድ ጥሩ እንደሆነ፣ ባናደርገውም እንኳ፣ ሁላችንም እናውቃለን። አያትን መውሰድ ግን ትዝም አይለን። "እሷ ደግሞ እዚያ ምን ትሠራለች? እግሯንም ያማታል" እንላለን። እኔ ግን እላለሁ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ የምታስፈልገን እሷ ናት።

ምክንያቴን በምሳሌ ላስረዳ። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ሕንፃው ቀደም ሲል የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ዛሬም እዚያው ይታያል። እኔ የምወደው ግን የባህል ዕቃዎቹ አደራደር ነው። ዕቃዎቹ የተቀመጡት የሰውን የሕይወት ጉዞ ተከትለው ነው፤ ከልጅነት ይነሱና በጉልምስና አልፈው ሞትና ከሞት በኋላ ያለውን ይዘው ይጨርሳሉ። ስለዚህ ጎብኚው የማንም አገር ሰው ቢሆን የራሱን ዕድሜ እዚያ ያገኘዋል።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ እናቴንና የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። እናቴ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልጣማትም። "እንስራና መሶብ ለማየት ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?" ብላ ቲኬት ቆራጯን አሳቀቻት። ከስፌቶቹ ፊት ስንደርስ ግን ቆመች፤ መነጽሯንም አወጣች። ልጄ መሶብን የምታውቀው በምግብ ቤትና በሠርግ አዳራሽ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ አንዱን ስፌት በጣቷ እያመለከተች፣

"እዪ፣ እዚህ ጋ አክርማው አልቆባታል" አለቻት።

"ማን ላይ ነው ያለቀው እማማ?"

"የሰፋችው ሴትዮ ላይ ነዋ! ቀዩ እስከዚህ ድረስ ደማቅ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ፈዘዝ ብሏል። ሌላ ጊዜ የተነከረ ነው። ወይ የሚቀጥለውን መስከረም ጠብቃለች፣ ወይ ከጎረቤት ተበድራለች።"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! ስንደዶው ከሜዳ እንዴት እንደሚቀጠፍ፣ አክርማው እንዴት ተሰንጥቆ ቀለም እንደሚነከር፣ ወስፌ ሲይዙ ጣት የቱ ጋ መሆን እንዳለበት ነገረቻት። የመጀመሪያ ስፌቷን እናቷ ሦስት ጊዜ እንዳስፈታቻትም አጫወተቻት። እኔ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ቤት ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለ "እማዬ፣ የመጀመሪያ ስፌትሽን ስንት ጊዜ ፈታሽው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ወሬውን ያመጣው ዕቃው ነው።

የሙዚየም ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው። በመስታወቱ ሥር የተለጠፈችው ወረቀት የዕቃውን ስምና የመጣበትን አካባቢ ትነግረናለች፤ እሱም ያስፈልጋል። ያቺ የማናውቃት ሴትዮ በምን ወር እንደሰፋች፣ ምን እንደጎደለባት፣ እንዴት እንደተወጣችው ለማንበብ ግን ሠርቶ ያየ ዓይን ይጠይቃል። ያ ዓይን ደግሞ በየቤታችን አለ። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ይባል የለ! መስታወቱም ወረቀቷም የዛሬ ዐሥር ዓመት እዚያው ይጠብቁናል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ስለመቆየታቸው ግን ዋስትና የለንም።

ይህን ያህል ካልኩ፣ "እሺ፣ እንዴት አድርገን እንሂድ?" ለምትሉኝ የለመድኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ ሙዚየሙን በሙሉ ለማየት አትነሱ። አንድ ፎቅ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይበቃል። ልጅ የሚሰለቸው፣ አያትም የምትደክመው ሁሉን ካላየን ስንል ነው። ቲኬቱ ለእኛ ለአገሬው ሰው ከውጭ ዜጋ ይረክሳልና ደግሞ መምጣት ይቻላል። ሁለተኛ፣ መቀመጫ ፈልጉና አያትን አሳርፉ፤ ልጆቹ እየተመላለሱ ያዩትን ይንገሯት። ሦስተኛ፣ ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው "ቤት ይዘህ ሂድ ብትባል የቱን ትወስዳለህ? ለምን?" ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ላይ እስከ እራት ድረስ ትከራከራላችሁ።

ስድስት ኪሎ ከሄዳችሁ፣ ከሙዚየሙ ደጅ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ታገኛላችሁ። ፋሽስት ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ያሠራው ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ያለፈውን አንድ አንድ ዓመት ይወክላል። ከነፃነት በኋላ ግን በጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆቹ ደረጃውን ይቁጠሩ፤ አንበሳው ለምን እላይ እንደወጣ ደግሞ አያት ታስረዳ። ከግቢው ስትወጡ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። በ1929 ዓ.ም. በግፍ የተጨፈጨፉት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መታሰቢያ ነው። ብዙዎቻችን ታክሲ ስንጠብቅ ጀርባችንን ሰጥተነው የምንቆም ነን። ዞር ብሎ በዙሪያው የተቀረጹትን ምስሎች ለማየት ቲኬትም አያስፈልግ።

በሌላ ቅዳሜ ደግሞ አምስት ኪሎ ወርዳችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡና ምድር ቤት ያለችውን ድንቅነሽን ብቻ አይታችሁ ውጡ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ከተባለው ቦታ ነው የተገኘችው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ ዋናው አጥንት ለጥንቃቄ ተቆልፎበት ይቀመጣል። አንዱ ቅጂ የተጋደመ፣ ሌላው የቆመ ነው። ልጃችሁን ከቆመው ትይዩ አቁሙት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ አምስት ዓመት ልጅ ያህል ማለት ነው። "3.2 ሚሊዮን" የሚለው ቁጥር ለሕፃን ምንም አይናገርም። "እኔን ታክላለች!" ካለ በኋላ ግን አይረሳትም።

ወጣ ብሎ መራመድ ለሚችል ቤተሰብ ደግሞ ቀኑን የሚሞላ መንገድ አለ። በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጥሬን ታገኛላችሁ። ከአጠገቡ ካለው ባልጩት ከተባለው ቦታ ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆ በሚመስሉ ትናንሽ ቤቶች የተከፋፈለ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በግቢው ሣር ላይ እየተንሸራሸሩ ነው። ባልጩት የሚለውን ቃል እናቴ ታውቀዋለች፤ ጥቁሩ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ስለታም ድንጋይ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ጀምሮ በዚህ ወንዝ ዳር የኖሩ ፍጡራን ያንኑ ድንጋይ እየፈለጡ መሣሪያ ሠርተውበታል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ጎምቦሬ በተባለው ቁፋሮ ቦታ የተገኘው ዱካ ነው። ዕድሜው 700 ሺሕ ዓመት ገደማ ነው። በጭቃው ላይ የአዋቂዎችና የልጆች እግር አብሮ ታትሟል፤ ገና አንድ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ዱካም አለበት። በዚያው አካባቢ የድንጋይ መሣሪያዎችና የታረደ ጉማሬ አጥንት ተገኝቷል። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲፈልጡና ሥጋ ሲበልቱ ሕፃናቱ እዚያው በመካከላቸው ነበሩ ማለት ነው፤ እያዩም ነው የሚያድጉት። ትምህርት ቤትም መጽሐፍም በሌለበት ዘመን ዕውቀት ከትልቅ ወደ ትንሽ ያለፈው እንዲህ አብሮ በመዋል ይመስለኛል። እኛ ዛሬ አያትን ቤት፣ ልጅን ስልክ ላይ ትተን የምንወጣ ሰዎች እዚያ ዱካ ፊት ቆም ብለን ብናስብ አይከፋም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እንዲህ ባለ ቦታ ልጆች ድንጋይ አንስተው ኪሳቸው መክተት ይወዳሉ። ቅርስን ማንሳት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ምክንያቱንም ጨምሩ። የተፈለጠ ድንጋይ ለአጥኚው የሚናገረው ከወደቀበት ቦታ፣ ከጎኑም ካለው ነገር ጋር ነው። ቦታውን ከለቀቀ ተራ ጠጠር ሆነ ማለት ነው። ፎቶ አንሱ፣ በደብተር ላይ ሳሉት፣ ድንጋዩን ግን እዚያው ተዉት።

ጊዜና ጉልበት ካላችሁ በዚያው መንገድ ገፍታችሁ የጢያን ትክል ድንጋዮች ማየት ትችላላችሁ። 36ቱ ትክል ድንጋዮች ከነሰይፍ ቅርጻቸው ሜዳው ላይ ቆመዋል። ሩቅ መሄድ ለማይሆንላችሁ ደግሞ እንጦጦ አለ። በባሕር ዛፉ መካከል እየተራመዱ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን፣ አጠገቧ ያለውንም ያን ከቤተ መንግሥትነት ይልቅ የገበሬ ቤት የሚመስል ቤታቸውን አይቶ መመለስ ከግማሽ ቀን አይፈጅም።

በየትኛውም መንገድ ስትሄዱ ቶሎ ቶሎ አትራመዱ። አያት የቆመችበት ቦታ ሁሉ መቆሚያ ነው። ከመንገድ ዳር ያለውን ሣር "ይኸውላችሁ ስንደዶ" ብላ ልታሳያችሁ ትችላለች፤ እኛ በመኪና ስናልፍ አረም የሚመስለን እሱ ነው። እንዲህ ማውራት ስትጀምር ስልካችሁን አውጡና ድምፅዋን ቅረጹ። ፎቶ የሁላችንም ስልክ ላይ ሞልቷል፤ ድምፅ ግን የለንም።

የፊታችን ቅዳሜ ምንም ጉዳይ ከሌላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉላት። "እማዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንወስድሻለን፣ ምቹ ጫማ አድርጊ" በሏት። ወዴት እንደሆነ ስትጠይቃችሁ "የአንቺን ዕቃ የሚያስረዳን ሰው አጣን" ብላችሁ መልሱላት።